እንሶስላ የሞቀ እጅ

ነቀምቴ፣ እሑድ፣ መስከረም 15 ቀን 1959 ዓ.ም.

ዛሬ እንሶስላ ሞቄ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ባሏ የሞተባት ሴት እንሶስላ አትሞቅም ይላሉ። ይበሉ። እኔ ሦስት ዓመት ጥቁር ለብሻለሁ፣ ይበቃኛል። ሐሙስ ዕለት ጫካው ውስጥ ያን የእንሶስላ ነጭ አበባ፣ መኻሉ ሐምራዊ የሆነውን፣ ዝናብ ጠግቦ ቆሞ ሳየው አላስቻለኝም። ሥሩን ቆፍሬ አመጣሁና ትናንት ወቅጬ፣ እጄን በጉሎ ቅጠል ጠቅልዬ ብቻዬን እየሳቅሁ ተቀመጥኩ።

ጠዋት የባሌ እኅት አዴ ዲንቄ ደጃፌ ላይ እጄን አዩት።

«ደግሞ ለማን ብለሽ ነው?»

«ለራሴ ነዋ፣ አዴ።»

«እንግዲያ አብሬሽ አልሄድም» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ፈራሁ፤ በዚህ ከተማ ከእሳቸው ሌላ ዘመድ የለኝም። ቢሆንም እጄን ነጠላዬ ውስጥ አልደበቅኩም። እንዲያውም ሲዘመር ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጌ አነሣሁት።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። እጄን ይዘው ገልበጥ አደረጉና ጥፍሬን ትኩር ብለው አዩት።

«ቶሎ ፈትተሽዋል፤ ጥፍርሽን አልያዘም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እሳቸውም እኮ ባላቸው ከሞተ ስንት ዘመን ሆነ። ሥሩ ተርፎኛል። ነገ እወስድላቸዋለሁ፤ ቢቆጡኝም ደጃፋቸው ላይ አስቀምጬው እመጣለሁ።