ስማቸው የጠፋ ሃያ ሦስት ትምህርቶች

ውድ ማቴዎስ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በለቅሶው ሰሞን የመጣው ሰው ሁሉ «ጊዜ ያስረሳል» እያለ ያጽናናኝ ነበር። ጊዜው እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ አንተን ግን አላስረሳኝም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ኳየር ልምምድ ተመልሼ፣ በረንዳው ላይ ባለችው ወንበርህ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። የምጽፍልህም በአማርኛ ነው። አንተ አንጋጫ በከምባትኛ፣ እኔ እዚህ ሆሳዕና በሀዲይኛ አፋችንን ብንፈታም፣ የተዋወቅነውም፣ የተጋባነውም፣ የተኳረፍነውም በአማርኛ ነው።

ቤታችን ደህና ነው። ሀና ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ስልክህን እሷ ይዛዋለች። ናትናኤል በቁመት አንተን ደርሷል፤ ጥቁሩን ጃኬትህን የሚለብሰው እሱ ነው። መጀመሪያ ከኋላው ሳየው እደነግጥ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። እናትህ ከአንጋጫ መጥተው ሁለት ወር አብረውን ተቀመጡ። የጓሮውን እንሰት አብረን ፋቅን። ከምባትኛዬን ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ከዚያ ያርሙኛል፣ ከዚያ ደግሞ ድንገት ዝም ይላሉ። ያኔ ስለ አንተ እያሰቡ እንደሆነ ስለማውቅ እኔም ዝም እላለሁ።

ብዕር ያነሳሁት ግን ሌላ ነገር ልነግርህ ነው። ያቺ ትንሿ ኮምፒውተርህ ሠራች።

አዲስ አበባ የሚሠራው የቀድሞ ተማሪህ ካሳሁን የላከልህን ቀን አስታውሳለሁ። ኮምፒውተር መጣልኝ ስትል ትልቅ ካርቶን ጠብቄ ነበር። ያወጣኸው መዳፍ የማትሞላ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው፤ ሽፋን እንኳ የላትም። የሳሙና ማስቀመጫ ጎኑን በጋለ ሚስማር በስተህ ቤት ሠራህላት። ሐሳብህ እንዲህ ነበር፤ ኮምፒውተር የሚነሳበትን ሊኑክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ትጭንባትና፣ ሀቢቾ ያለው ትምህርት ቤትህ ውስጥ ካሉት አሥር አሮጌ ኮምፒውተሮች ጋር በገመድ ታገናኛታለህ፤ ኢንተርኔት ሳይኖር ተማሪዎቹ መጻሕፍቱንም የአንተን ትምህርትም ከእሷ ያገኛሉ። በፕላዝማው ትበሳጭ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ሲሮጥ፣ ልጆቹ ርዕሱን ጽፈው ሳይጨርሱ ሰዓቱ ያልቃል። «ፕላዝማው አይጠብቅም፣ እኔ የምፈልገው የሚጠብቅ አስተማሪ ነው» ትለኝ ነበር። ለዚህ ነው የፊዚክስ ትምህርትህን በአማርኛ እያስረዳህ በስልክህ መቅረጽ የጀመርከው።

ካለፍክ በኋላ ሰሌዳዋን ከነሳሙና ማስቀመጫዋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩባት። ላያት አልፈለግኩም።

ባለፈው ጥቅምት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ቤት ድረስ መጡ። እግዜር ያጽናሽ ካሉኝ በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ዝም ብሎ እንደተቀመጠ፣ የወረዳው ሰዎችም ለዕቃ ማከማቻ እንደፈለጉት ነገሩኝ። እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ድረስ የሚጀምረው ሰው ካልተገኘ ክፍሉን ያስረክባሉ። የአንተ ዕቃ እዚያ ካለ እንድወስድ ሊነግሩኝ ነበር የመጡት። እኔ ግን «እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኳቸው። እሳቸው ደነገጡ። እኔ ከእሳቸው በላይ ደነገጥኩ። ሃያ ዓመት የቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ደብዳቤ ከመተየብ በቀር ኮምፒውተር ምን እንደሆነ አላውቅም።

ደብተርህን አወጣሁ። ባለ ካሬው፣ ትእዛዞቹን በተራ ቁጥር የጻፍክበት። ሰሌዳዋን ከቴሌቪዥኑ ጋር በኬብል አገናኘሁ፤ ከመሥሪያ ቤት አሮጌ ኪቦርድ አስፈቅጄ አመጣሁ። ስትነሳ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እየተግተለተለ ወረደ፤ ከዚያ ቆመና ስምና ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ፓስዎርዱን ስጽፍ ምንም ፊደል አይታይም። ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎኝ ገልብጬ መታሁት። ከዚያ ደብተርህን ዝቅ ብዬ ባይ፣ «ፓስዎርድ ሲጻፍ አይታይም፣ አትደንግጡ» ብለህ ጽፈሃል። ለተማሪዎችህ ነበር የጻፍከው። ለእኔም ሆነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰሌዳዋ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ጋር የምትነጋገርበትን አድራሻ፣ እነዚያን በነጥብ የተለያዩ ቁጥሮች፣ ልክ አንተ እንደጻፍከው እጽፋለሁ። እሷ አትቀበልም። ነጥቡን ቆጠርኩ፣ ክፍተቱን ቆጠርኩ፤ አንድም አልሳትኩም። በሙያዬ ስህተት አላሳልፍም፤ የአንተን የፈተና ወረቀት ሁሉ ያረምኩልህ እኔ አይደለሁ? በመጨረሻ ካሳሁን ጋ ደወልኩ። የሞባይል ኢንተርኔት የተዘጋበት ሰሞን ስለነበር ፎቶ አንስቼ መላክ አልቻልኩም፤ የጻፍኩትን ፊደል በፊደል በስልክ አነበብኩለት። ሁሉም ልክ ነው አለ። ከዚያ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«እትዬ አልማዝ፣ አንድ ቁጥርን በየትኛው ጣትዎ ነው የሚጽፉት?»

«በቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ነዋ» አልኩት።

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ይቅርታ እየጠየቀኝ ይስቃል። ልጅ ሳለሁ ታይፕ የተማርኩበት መኪና አንድ ቁጥር የሚባል አልነበረውም፤ መምህራችን በአንድ ፈንታ ትንሿን የእንግሊዝኛ «ኤል» ምቱ ነበር ያሉን። ሃያ ዓመት ሙሉ የዞኑን ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ወረቀት ላይ ስለሚመሳሰል አንድም ኃላፊ አላወቀብኝም። ያወቀብኝ ያንተ ሰሌዳ ብቻ ነው። ግራ እጄን ዘርግቼ በትንሿ ጣት አንዱን መታሁ። ወዲያው ተቀበለችኝ።

በዚያ ደስታ ብዙ አልቆየሁም። ጥፍር በምታህለው የሚሞሪ ካርዷ ላይ ትምህርቶችህን ያስቀመጥክበት ማኅደር ነበር። አንዱን ብቻ፣ ስለ ሰበቃ የሚናገረውን፣ ትንሽ ሰምቼ ዘጋሁት፤ አልቻልኩም። በማግስቱ ከፍላሽ መጻሕፍት ወደ ካርዱ እየገለበጥኩ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ሰሌዳዋ አልነሳም አለች። ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ ሌላ የለም።

ካሳሁን መብራት ሲቋረጥ ካርድ እንደሚበላሽ ነገረኝና መፍትሔው ቀላል ነው አለ፤ ካርዱን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። ድምፅህ ግን ሌላ የትም የለም። ሀና ስልኩን ስትወስድ፣ ትምህርቶቹ ካርዱ ላይ አሉ ብዬ ያለውን ሁሉ አጥፊው ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ስነግረው ካሳሁን ድምፁ ተለወጠ። «እንደዚያ ከሆነ ማንም እንዳይነካው» አለኝ። ካርዱን ከሰሌዳዋ አውጥቼ በወረቀት ጠቅልዬ በፀሎት መጽሐፌ ውስጥ አኖርኩት። አሥራ አንድ ቀን እዚያ ቆየ። በእነዚያ ቀናት አልጸለይኩም ብዬ አልዋሽህም፤ ለሚሞሪ ካርድ የጸለየች ሴት በሀዲያ ውስጥ እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።

ካሳሁን ሊኑክስ የተጫነበት ሌላ ካርድና የካርድ ማንበቢያ በአውቶቡስ ላከልኝ። እሁድ ከአምልኮ መልስ፣ መብራት ቢሄድም እንዳትቋረጥ ሰሌዳዋን በናትናኤል ፓወር ባንክ ላይ ሰክቼ፣ በአዲሱ ካርድ አስነሳኋት። የተበላሸውን ካርድ በጎን በማንበቢያው ሰካሁ። ካሳሁን በስልክ የሰጠኝን የጥገና ትእዛዝ ጻፍኩ። ስህተት ባገኘች ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ ላስተካክል? እኔ «ዋይ» የሚለውን ፊደል እመታለሁ፤ አዎ ማለት ነው። እንደገና ትጠይቃለች። አዎ። አርባ ስምንት ጊዜ አዎ አልኩ። ናትናኤል አጠገቤ ቆሞ ይቆጥር ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አለቀ።

ትምህርቶችህ ተገኙ፤ ስማቸው ግን ጠፍቷል። እሷ ፍርስራሹን በአንድ ማኅደር ሰብስባ፣ በስም ፈንታ ረጃጅም ቁጥር ሰጥታቸዋለች። ሃያ ሦስት የድምፅ ፋይል። የቱ ስለ ብርሃን፣ የቱ ስለ ኤሌክትሪክ እንደሆነ ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ቁጭ ብሎ መስማት።

እናም ሰማሁህ፣ ማቴዎስ። ከሥራ ስወጣ አመሻሹ ላይ አንድ ትምህርት፣ አንዳንዴ ሁለት። መጀመሪያ ስም ለማውጣት ያህል ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ጀመርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሚስትህ ሆኜ ክፍልህ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲገባ ለምን እንደሚሰበር አሁን ገብቶኛል። ልጆቹ እንዲገባቸው ብለህ ከእኔ የለቀምካቸውን የሀዲይኛ ቃላት ጣል ታደርጋለህ፤ ግማሾቹን አበላሽተህ ነው የምትጠራቸው። ብቻዬን ሆኜ አርምሃለሁ።

አሥራ ሰባተኛው ላይ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

ስለዚያ ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሐኪሙ ዕረፍት አዞልሃል፤ ኩላሊትህ ደክሟል። እኔ ለምሳ ከሥራ ስመጣ ጃኬትህን እንደለበስክ፣ ያቀረብኩልህ ቁርስ ሳይነካ፣ ስልኩን ይዘህ ስለ ግፊት ትናገራለህ። ቅጂው ላይ በሩ ሲከፈት ይሰማል። ከዚያ እኔ፦ «ለሰው ልጆች ብለህ ልትሞት ነው? የአንተ ልጆችስ?» በሩ በኃይል ይዘጋል። ከሰባት ሳምንት በኋላ ቀበርንህ። ያንን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አትጠይቀኝ፤ «ልትሞት ነው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ያለውን ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለህ ሆነህ፣ «ይቅርታ ተማሪዎች፣ ባለቤቴ ልክ ነች። ምሳዬን ልብላና እንቀጥላለን» አልክ። ቅጂው እዚያ ላይ ያበቃል።

ወደ ጓዳ መጥተህ ምሳ ስጪኝ ያልከኝን አስታወስኩ። የፈራኸኝ መስሎኝ ነበር። ስበላ እዪኝ ብለህ ሳህኑን ባዶ አድርገህ ያሳየኸኝን፣ እኔ ደግሞ ፊቴን ያላዞርኩልህን አስታወስኩ። ይህን የሰማሁ ዕለት ድምፅህ የሚወጣበትን ቴሌቪዥን አጥፍቼ ብዙ አለቀስኩ፤ ግን እንደ ቀብሩ ቀን ዓይነት ለቅሶ አልነበረም። ሲያልቅ ቀሎኝ ነበር። ፊቴን ታጥቤ ለልጁ እራት ሠራሁ።

ትምህርቶቹ ሁሉ ስም አገኙ። ከሁለተኛው መንፈቅ በፊት በነበረው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሰሌዳዋን ይዤ ወደ ሀቢቾ ሄድኩ። በአንተ ቦታ የተመደበችው መምህርት አስቴር ገመዶቹን አብራኝ ዘረጋች። ስለ ግፊት የሚናገረውን ለተማሪ አልሰጥም፣ የቤታችን ነው ብዬ ለብቻው አስቀምጬው ነበር። ለእሷ ግን አሰማኋት። ሰምታ ስትጨርስ፣ የእኔን ድምፅ ቆርጠን ብናወጣና የቀረውን እሷ ብትጨርሰው እፈቅድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት። አሁን በዚያ ትምህርት ውስጥ አንተ ትጀምራለህ፣ እሷ ትፈጽማለች። ሙሉው ቅጂ እኔ ጋ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ርዕሰ መምህሩ ንግግር አድርጊ ቢሉኝ እምቢ ብዬ ከኋላ ቆምኩ። ልጆቹ በየአንድ ኮምፒውተር አራት አራት ሆነው ተቀመጡ። አንዷ ልጅ ያልገባት ቦታ ላይ አስቆመችህ። ወደ ኋላ መለሰችህና እንደገና አስነገረችህ። አሁንም አልገባትም፤ እንደገና መለሰችህ። አልተቆጣህም። ሦስተኛው ላይ ራሷን ነቀነቀችና መጻፍ ጀመረች። ክፍሉን ለዕቃ ማከማቻ የጠየቀ ሰው እስካሁን ተመልሶ አልመጣም።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየሄድኩ አያታለሁ። አቧራዋን እጠርጋለሁ፣ ካርዷን ወደ ሌላ ካርድ እገለብጣለሁ፤ አሁን ድምፅህ በሦስት ቦታ አለ። አንዱ ሀና ጋ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ቁጥርን በቀኝ እጄ እመታና ራሴን እታዘባለሁ።

ሰው ስለ አንተ ሲያወራ ትሑት ነበር፣ ለሰው አሳቢ ነበር ይላል። እውነት ነው፤ ግን እንዲህ የሚባልለት ሌላም ሰው አለ። እኔ አንተን የማስታውስበት የራሴ ነገር አለኝ። የፊዚክስ ሕግ ልትናገር ስትል፣ ከዋናው ቃል በፊት፣ አንዴ ትንፋሽ ትስባለህ። አጠገብህ ተኝቼ አላስተዋልኩትም፤ ሃያ ሦስቱም ላይ ግን አለ። ልጆቹ ትምህርቱን ይያዙት፤ ተፈትነው ይለፉበት። ያቺን ትንፋሽ እኔ ይዣታለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስም አልለቃትም።

ባለቤትህ አልማዝ
ሆሳዕና