የኮራሉ ጠባቂ፣ አጎታችን ኤሞሲ

ለተከበርከውና ለናፈቅከን ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሴፋናያ፦

ጤናህ እንደምን ነው? ጉልበትህስ? ያ በሲና አሸዋ የደረቀው ጉሮሮህስ? ሰላም የምታስከብርላቸው ሰዎች ሰላም ናቸው? ባሕር እያየ ያደገ ሰው ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሲያይ ውሎ እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ? እያልን ሌት ተቀን እናስብሃለን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን። "በጣም" ያልኩት እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ ስለምታስጽፈኝ ነው። ከማሳ ታሮ ልትነቅል ስትሄድ የቀረውን እነግርሃለሁ።

አሁን ሄደች።

ጋሼ፣ ግራ ገባኝ ብል ያንስብኛል፤ ግራውም ቀኙም ገብቶኛል። አባባ በመንደር አለቅነቱ ኮራሉን፣ ያን ዓሣ የሚራባበትን የባሕር ውስጥ ድንጋይ፣ የዘጋው አንተ ሳትሄድ ስለሆነ ታስታውሳለህ። እንጨት ተክሎ፣ የኮኮናት ዝንጣፊ አስሮበት፣ "ሦስት ዓመት ማንም መረብ እንዳይጥልበት" ብሎ በሕዝብ ፊት ቃሉን ሰጠ። እውነትም ዓሣው ተመለሰ፤ ከጀልባ ጎንበስ ብለህ ስታየው እንደ ገበያ ቀን ይተራመስ ነበር። ከዚያ መቀነስ ጀመረ። እሁድ እሁድ መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር አንድ ሰው ብቻ ወገቡን ያመዋል። ጸሎት አልቆ ስንወጣ ከአጎታችን ከኤሞሲ ማጀት የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። አፍንጫ ያለው ሁሉ አወቀ፤ አፍ ያለው ግን አልተገኘም። የአባባ ታናሽ ወንድም ለእኛ አባት ነው፣ ማን ደፍሮ? አባባም ቢሆን ወንድሙን በአደባባይ ከሚያዋርድ ምላሱን ቢነክስ ይመርጣል።

የመንደሩ ሸንጎ ግን መረረውና "እስከ ፋሲካ ካልተከበረ እንከፍተዋለን፤ ያሻው ያጥምድ" አለ። ይህን የሰማ ቀን አባባ ማታ ማታ ከሰው ጋር ያንጎና ሊጠጣ ወደ አዳራሹ መምጣት ተወ። "ቃሌ ካልተሰማ እኔ እዚያ ተቀምጬ ምን ልሠራ?" አለና ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ቤቱ ዋለ። እህል እንኳ የሚቀምሰው በልመና ሆነ። እናታችን "ዕድሜው ነው" ትላለች፤ ውሸቷን ነው፣ ታውቀዋለች።

ታዲያ እኔ የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝና አንድ መላ መታሁ። እኛ መናገር ካቃተን መናገር ሥራቸው የሆነውን እንጥራ ብዬ ዋና ከተማው ሱቫ ላለ አንድ ድርጅት ደወልኩ። ሊቪያ የምትባል የሱቫ ልጅ፣ ብሬት ከሚባል ካሜራ ከማይለየው የብሪዝበን ሰው ጋር መጣች። የተግባቦት ባለሙያዎች ነን፣ ሰውን ከሰው እናግባባለን አሉን። የእኛ ችግር እንኳ ከልክ ያለፈ መግባባት ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ባለ ቀለም ወረቀት አደሉን። "የተሳሳተ ሐሳብ የሚባል የለም፤ መልእክቱን አብረን ነው የምንፈጥረው" አለች ሊቪያ። "በሉ፣ ዓሣው ለምን የቀነሰ ይመስላችኋል?" አንዱ "የአየር ንብረት" አለ። ሌላው "ሻርክ" አለ። ሦስተኛው "እንግሊዞች" አለ። በመጨረሻ አጎታችን ኤሞሲ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣና በተሰበረ ድምፅ "ጥፋቱ የሁላችንም ነው!" ብሎ ተናገረ። አጨበጨብን። ምን እናድርግ? ብሬት ዐይኑ እንባ አቅርሮ "ይኼን ፊት አይቶ የማይለወጥ ሕዝብ የለም!" አለ።

ሊቪያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ "ቬታያ፣ እኚህ ሰውዬ ለዚህ ሥራ ይሆናሉ?" አለችኝ። አጎቴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። "ስለዚያ ኮራል ዓሣ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም" አልኩ። ይህን ያህል እውነት ተናግሬ አላውቅም።

እናም ተቀረጸ። ኤሞሲ እንጨቱ ሥር ቆሞ፣ ክንዱን ወደ ባሕሩ ዘርግቶ፣ "እኔ የልጆቻችንን ባሕር እጠብቃለሁ!" ይላል። ሴቶቹ ዘፈን ገጠሙለት፣ ወጣቶቹ ጨፈሩለት፣ ፊቱ በፖስተር ሆኖ ሱቁ በር ላይ ተለጠፈ፣ በቲሸርትም ታተመ። ቀረጻው ሲያልቅ አጎታችን እንግዶቹን ምሳ ጋበዘ። ብሬት በዕድሜዬ እንዲህ የጣመ ዓሣ አልበላሁም ብሎ ጣቱን ላሰ። ከየት መጣ ብሎ ግን አልጠየቀም። በቀጣዩ ሰኞ የአጎታችን ቲሸርት ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰቅሎ አየሁት፤ ፊቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል።

ሊቪያ ደውላ "ፊልሙን ስንት ሺ ሰው አየው መሰለህ!" አለችኝ። ዓሣዎቹ ግን ያዩት አልመሰለኝም፤ መቀነሳቸውን ቀጠሉ። ፋሲካ ቀረበ። አባባ ሲናገር ድምፁ ከጉሮሮው አይወጣም ነበር።

እንግዲህ ለቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ምረቃ ታውቩዎቻችን፣ የናሞሊ ሰዎች፣ እሁድ ጠዋት በጀልባ መጡ። መቼም ታውቩ ሲመጣ ታውቃለህ፤ እነሱ በእኛ እኛም በእነሱ ላይ፣ ስድቡም ዝርፊያውም ከቅድመ አያት የተፈቀደ ነው፤ የተቆጣ ነውረኛ ይባላል። ገና ከመውረዳቸው ዶሮዎቻችንን አስረው ጀልባቸው ላይ ጫኑ። የሸንጎውን ሊቀ መንበር "አንተ የተላጠ ኮኮናት" አሉት። አዲሱን ሱሉዬን አንዱ አገልድሞት ሄደ። እኛም ጥርሳችንን ነክሰን ሳቅን።

ከእነሱ ውስጥ እማማ ኬሌራ አለች አይደል፣ ያቺ ጥርሷ ሁለት ብቻ የቀረ፣ ምላሷ ግን ያልጎደለ? ፖስተሩ ፊት ቆመች።

"ይኼ ማነው?"

"አጎታችን ኤሞሲ ነው፣ የኮራሉ ጠባቂ" አልኳት።

"ጠባቂ? ዛሬ ጠዋት ስናልፍ ቂጡን ወደ ሰማይ ሰቅሎ መረብ ሲጎትት የነበረው?"

ፖስተሩን ገንጥላ በቀጥታ ወደ አዳራሹ። ሰው ሁሉ በያንጎናው ገበቴ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ኤሞሲ ከነወገቡ በክብር ቦታ።

"አንተ ኤሞሲ! ወገብህን ተሻለህ? ጠዋት እንደ ጎረምሳ ስትታጠፍ ነበር!"

"መቼ አየሽኝ፣ አንቺ አሮጊት?"

"ፊትህንማ አላየሁም፤ ኋላህን ነው ያየሁት። ፖስተር ላይ መውጣት የነበረበት እሱ ነው! ስሙ እናንተ፣ ድመት ዓሣ ጠብቂ ተብላ ፎቶ ተነሣች!"

አዳራሹ ፈረሰ። የሸንጎው ሊቀ መንበር ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ሁለት ዓመት የታፈነ ሳቅ ነው እኮ። ኬሌራ እስኪበርድ ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦ "ወንድምህ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። የአንተ ሆድ ሲሞላ የእሱ ቃል ነው የሚያልቀው።"

ኤሞሲ እንዳይቆጣ ነውር ነው፤ ስለዚህ ሳቀ። ሲስቅ እንባው መጣ። ኋላ ሳቁ አለቀና እንባው ብቻ ቀረ።

በማግስቱ እንደ ይቅርታ ወጉ የያንጎና ሥር ታቅፎ መጥቶ አባባ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። "ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ" አለ። አባባ ዞር ብሎም አላየው። እናታችን ማጀት ሆና ትንፋሿን ውጣለች፤ እኔ አጥር ጥግ ቆሜያለሁ። ፀሐዩ ከደጃፉ እስኪሸሽ ኤሞሲ ከተቀመጠበት አልተነሣም። በመጨረሻ አባባ "በል በጥብጠው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለው። የዚያን ዕለት ማታ አዳራሹ መጥቶ በቦታው ተቀመጠና የመጀመሪያውን ቅል ጠጣ። ፋሲካ አለፈ፤ ኮራሉ አልተከፈተም። ባለፈው ሳምንት ሸርጣን ስፈልግ ወደ እንጨቱ ጠጋ ብል አጎታችን በመቅዘፊያ አባረረኝ። "ሌባ!" አለኝ። እሱ! እኔን!

ግራ የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። ሊቪያ ደውላ "ዓሣው ተመለሰ?" ብትለኝ እየተመለሰ ነው አልኳት፤ "ይኸውልህ፣ ፊልሙ ሠራ!" አለችኝ። ሱቫ ለትልቅ ስብሰባ መጥተህ እንዴት እንደተሳካ አስረዳ ትላለች። ስለ ኬሌራ ብነግራት ብሬት ከጎን ሰምቶ "ሴትዮዋን ወደ ሌሎች መንደሮችም እንውሰዳት!" አለ። የሌላ መንደር ታውቩ አይደለችም፣ እንዲህ ብትናገር በድንጋይ ነው የሚሸኟት ብለው ጊዜ "እንግዲያው ሥልጠና እንስጣት" አለኝ።

ጋሼ፣ ፊልሙ እስካሁን ይታያል። ሲቀረጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነበር፤ አንዲት ቃል ሳይለወጥበት አሁን እውነት ሆኗል። ታዲያ ያን ጊዜ ዋሸን ወይስ ተነበይን? ሱቫ ሄጄ ምን ብዬ ልናገር? እዚያ ጦሩ ውስጥ ቄስ ካለ ጠይቅልኝና ቶሎ ጻፍልኝ።

እናታችን ከታሮዋ ተመልሳለች፤ ሹራብ ሳትደርብ ዘብ እንዳትቆም ትልሃለች። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ሲናገር እስከ መንገድ ድረስ ይሰማል። አጎታችን ኤሞሲ እጅ ይነሣል። ታናሽ እህታችን አሴናጃ ጉንጭህን ስማለች። እማማ ኬሌራ በወታደር ልብስ የተነሣኸውን ፎቶ ከግድግዳ ነቅላ ወስዳዋለች፤ "ይኼንንማ እኔ ነኝ የማገባው" ብላለችና አንተም እንዳትቆጣ።

ታናሽ ወንድምህ ቬታያ
ናቡኩ መንደር፣ ካዳቩ ደሴት፣ ፊጂ
ግንቦት 3 ቀን