ያልነቀልኳት ባንዲራ

ይድረስ ለአባቴ፤

ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ትከሻዎስ ተሻለዎት? መቼም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መኪና ሥር ማጎንበሱን ዛሬም አይተዉትም። እናቴ የዓይን ጠብታዋን ሳታቋርጥ ታደርጋለች? አራሷ እህቴስ በርትታ ተነሳች? እናንተ ደህና ከሆናችሁ ለእኔ ይበቃኛል። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ብል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሰውነቴ ጤነኛ ነው፤ ልቤ ግን ሞቷል።

ባለፈው እሑድ በመኪና ውድድሩ ላይ የሆነውን በቴሌቪዥን እንዳያችሁ አውቃለሁ። ጋራዡን ዘግተው፣ ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ያቺ መኪና የልጄ ናት እያሉ ሳሉ ነው የፊት ጎማዋ ተገንጥሎ ከግንቡ ጋር የተላተመችው። ሹፌሩ አልሞተም። ሐኪሞቹ ግን ከእንግዲህ በእግሩ አይቆምም ብለዋል። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። መኪናዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ነበር የሚያልፈው።

ጎማውን የያዘውን የብረት ክንድ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ስማችን የተጠራው በእሱ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ ቀሎና ጠንክሮ ሲገኝ ዋናው መሐንዲስ በሰው ፊት አቀፈኝ፤ እንዳንተ ያለ ያገርህ ሰው ካለ አምጣልኝም አለኝ። አንዲት ያገራችን ልጅ የተቀጠረችው በዚያው ሰሞን ነው። እርስዎም በስልክ፣ ጥፍር ብታህልም ባንዲራችንን ለጥፍባት፣ በዓይናችን እንያት አሉኝ። ዋናው መሐንዲስ፣ ክብደት እንዳትጨምርብን ብሎ ቀለደብኝና ፈቀደልኝ። ካሜራ የሚያያትን ቦታ መርጬ ክንዱ መጋጠሚያ ላይ ለጠፍኳት።

ከየውድድሩ በኋላ ክንዱን የምመረምረው እኔው ነኝ። ቀይ ፈሳሽ ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል፤ ስንጥቅ ካለ ቀዩ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ብቅ ይላል። ባንዲራዋን መንቀል ግን አሳሳኝ። ከተነቀለች ትቀደዳለች፣ ሌላም አልነበረኝም። ሦስት ጊዜ ዙሪያዋን ብቻ ቀብቼ፣ ሁሉንም አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። እርስዎ ካልፈታኸው አላየኸውም ይሉኝ የነበረው ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ትዝ እያለኝ አለፍኩት። ስብርባሪው ሲለቀም ክንዱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ባንዲራዋን ስልጣት ስንጥቁ የጀመረው ከሥሯ ነው።

ማንም አላወቀም። ጥፋቱን በክንዱ በያጅ ላይ ጣሉት። እዚህ ስመጣ ቋንቋ ሳልችል በእጁ እያሳየ ያስተማረኝ ሽማግሌ ነው። ትናንት ከሥራ አስወጡት። ዕቃውን በካርቶን ከትቶ፣ "አርባ ዓመት እጄ ከድቶኝ አያውቅም። ምናልባት አርጅቼ ይሆናል" አለኝ። እኔም ካርቶኑን ተሸክሜለት እስከ በሩ ሸኘሁት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር አባቴ፤ ሆዴ አልቻለውም።

ነገ ጠዋት ገብቼ እናገራለሁ። ተናገርኩም አልተናገርኩም ያ ሹፌር በእግሩ አይቆምም። ያቺ ያገራችን ልጅ ምንም ሳታጠፋ እኔን በሚያዩበት ዓይን ትታያለች፤ ከእንግዲህ ያገራችን ሰው ማመልከቻ ይዞ ቢመጣም ከበሩ የሚያልፍ አይመስለኝም። በእኛ ስም እንዲህ እንዳልኮራሁ ስማችንን ያጠፋሁት እኔው ሆንኩ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

እርስዎ ግን በራስዎ እንዳይፈርዱ አደራ። ለጥፍ አሉኝ እንጂ አትንቀል አላሉኝም።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ነገሩን ከሰው ከምትሰማ እርስዎ ይንገሯት። ልብስ ሰፊውን ጎረቤታችንን ሰላም ይበሉልኝ፤ እሱ እንኳ የጋራዥ ልጅ የት ይደርሳል እያለ ሲቀልድብኝ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ጋራዡ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ፎቶዬን ያውርዱት። እህቴን ይሳሙልኝ፤ ሕፃኑን በእኔ ስም እጠራዋለሁ ብላ ነበር፣ ሌላ ስም ታውጣለት።

ልጅዎ

ከውድድር መኪናዎቹ መሥሪያ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን