አባዬ ያላየው ሲጋራ

ሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት 1 ሰዓት
አባዬ ዛሬም ደጃፍ ላይ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከአፉ ጭስ ቡልቅ ሲል አየሁና ያዝኩህ! ብዬ ከኋላው ዘለልኩ። እጁ ባዶ። ጭስ ያልኩት ትንፋሹ ነው። ሁለት ጣቶቹ ግን ሲጋራ እንደያዘ ሰው ተከፍተው ወደ አፉ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ምን እያደረግህ ነው ስለው ምን አደረግሁ ይለኛል። አያውቀውም፣ ደብተሬ! ሲጋራ ካቆመ ስድስተኛ ቀኑ ነው።

ያው ሰኞ። 10 ሰዓት
ከት/ቤት ወጥቼ አብሬው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲ/ር አልማዝ ካልሲውን አስወለቀችው። ከሰው ሁሉ የደበቀው የግራ እግሩ አውራ ጣት። ጥቁር። ነካሁት፤ የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለው፣ ቅዝቅዝ ያለ። ማጨስ ከቀጠሉ ጣቱ ብቻ ሳይሆን እግርዎም ይቆረጣል አለችው። አልተቆጣችም። እማዬ ከጅዳ ቀድታ በምትልከው ካሴት ስትጮህበት ያልሰማው ሰውዬ፣ ለዚች ቀስ ብላ ለምትናገረው ጆሮውን ሰጠ! በብዛት መቼ ያምርዎታል አለችው። ሐሙስ፣ ጫት ላይ አላት። እንግዲያው ከጫቱ ይራቁ፤ አምሮቱ ሲመጣ ውሃ ይጠጡ፣ ተነስተው ይሂዱ፣ በደቂቃዎች ያልፋል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ችለው ይውሉ የለ? አባዬ ሳቀ።

ረቡዕ፣ ጥር 6
የሰፈራችን ሼህ ይማም ማቆሙን ሰሙ። ነገ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር እኛ ቤት ዱዓ ያደርጉለታል፣ ሲጋራው እንዲለቀው። በጫት! ሲስተሯ ያለችውን ነገርኳቸው። «አንቺ ምላሳም፣ ዱዓ ያለ ጫት የት አየሽ?» አሉኝ። እሳት ሊያጠፉ ጋዝ ተሸክመው የሚመጡ ሽማግሌዎች።

ሐሙስ፣ ጥር 7። 9 ሰዓት
በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ጉንጫቸው የተነፋ ሰባት ሽማግሌ። ሼህ ይማም ከትንባሆ ያውጣህ ይላሉ፣ ሁሉም አሚን። በየአሚኑ የአባዬ ሁለት ጣቶች ባዷቸውን ይነሳሉ። ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ አሚን እያሉ፣ የለኮሱትን ሲጋራ በእነዚያ ጣቶች መሃል ሰኩት። አላዩም። አባዬም አላየም። ሳበው። ማንም ቀና አላለም። አሚን።

ዓርብ፣ ጥር 8
ማጨሱን ነገርኩት። ወላሂ አላጨስኩም አለ። ጣትህን አሽትት አልኩት። አሸተተ። እንዲህ ሲፈራ አይቼው አላውቅም፤ ላሾፍበት ብዬ አፌ እንቢ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9
ሲ/ር አልማዝ ጋ ሄድን። አንድ ሲጋራ ሳያጨሱ የቆዩትን ቀን ሁሉ አያጠፋውም አለችው፣ የት ቦታ እንደያዘዎት አሁን አወቁ። ሽማግሌዎቹ ይወዱዎታል፤ ምን እንደሚረዳዎት ግን እርስዎ ካልነገሯቸው ከየት ያውቃሉ? አባዬ መሬት መሬት ያያል። ሼሁን እምቢ ማለት! ከእግሩ መቆረጥ ይልቅ ይህ ሳያስፈራው አልቀረም።

ሐሙስ፣ ጥር 14። 8 ሰዓት
ሽማግሌዎቹ መጡ። የጫቱን እስር ከአጥር ማዶ አያለሁ። ተደበቅ፣ የለም እላቸዋለሁ አልኩት፤ ውሸት አያቅተኝም። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ውሃውን ጨለጠ። ጎንበስ ብሎ የግራ ካልሲውን አወለቀ። በባዶ እግሩ በሩን ሊከፍት ሄደ። ያን የደበቀውን ጥቁር ጣት ሊያሳያቸው ነው!