«አያስታውስም» ስለተባሉት ስለ ጋሽ ፈንታ

ለተከበሩ የማስታወስ ችሎታ ጥናት ቡድን መሪ
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ጓድ፣ ለእኛ ብለው እስከ አሶሳ ደክመዋልና ጤናዎ እንደምን ከረመ? ወባ ሳይነካዎት በሰላም ወደ አዲስ አበባ በመመለስዎ የአምባ ዘጠኝ ሰፋሪዎች ደስ ብሎናል፤ እኛን ግን በየተራ እየጎበኘን ነው። እኔ የአምባው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በፖስታ ጽፌልዎ መልስ ስላጣሁ ነው።

በቅድሚያ ምስጋና። ወባ ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶባቸው የዳኑትን ለመመርመር ባለፈው ግንቦት ኮምፒዩተር የሚባለውን ማሽን ይዘውልን መጥተዋል። ቀድሞ ይህንኑ ፈተና ጤና ረዳታችን ብሪቱ በወረቀት ታካሂደው ነበር፤ ቃላቱን ታነባለች፣ ላልገባው ትደግማለች፣ ሽማግሌው እስኪያስብ ትጠብቃለች። እርስዎ መጠበቅ ሳይንሳዊ አይደለም ብለው አስቀሩልን።

1ኛ. ጋሽ ፈንታ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ የሃምሳ ስምንት ዓመት ገበሬ ናቸው። ማሽኑ ፒያኖ፣ መርከብና የበረዶ መንሸራተቻ በሁለት በሁለት ሰከንድ እያሳየ ያዩትን በቁልፍ እንዲለዩ አዘዛቸው። በዕድሜያቸው አይተዋቸው የማያውቁትን ነገሮች ረሱ ተባሉ። እርፍ ሲጨብጥ የኖረ ጣታቸው ሁለት ሁለት ቁልፍ ቢጫን ይህም ዝንጉነት ሆኖ ተመዘገበ።

2ኛ. በመካከሉ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ብሪቱ «እባክዎ እንደገና ይጀመርላቸው» ብትልዎ «ማሽኑ መዝግቦታል» አሉ። ጨለማ የዋጣቸው ጥያቄዎች ሁሉ የጋሽ ፈንታ ስህተት ሆኑ።

3ኛ. ነገሩ ጥናት ሆኖ ቢቀር ባልጻፍኩ ነበር። እርስዎ ግን ውጤቱን ለሰፈራ ኮሚቴው ሰጡ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ፈንታ ባለቤታቸው መነን እንድትፈለግላቸው አመልክተው ነበር፤ ከወሎ በተነሱበት ዕለት ድርቅ መጠለያው ላይ ተለያይተው እሷ በሌላ አውቶቡስ ተጭናለች። የአውቶቡሱን ቁጥር፣ የሾፌሩን የፊት ጠባሳ፣ አብረዋት የተሳፈሩትን ጎረቤቶች ስም አንድ በአንድ በቃላቸው አስመዘገቡ። ኮሚቴው የእርስዎን ወረቀት ገልጦ «የማያስታውስ ሰው ቃል አይያዝም» ብሎ ማመልከቻቸውን መለሰላቸው።

የእርስዎን መልስ ስንጠብቅ ክረምቱ አለፈ። በኅዳር እነዚያኑ ስሞች ጽፈን በጭነት መኪና ሾፌሩ በገቢሳ እጅ የወሎ ሰዎች ወደ ሰፈሩበት ሌላ ጣቢያ ወደ ፓዌ ላክን። መልሱ በታኅሣሥ ከአንዷ ጎረቤት ከአሰለፈች መጣ። መነን እዚያው ነበረች፤ ባሏን ስታፈላልግ ኖራ በጥቅምት በወባ ሞተች።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት አምስት ወር ነው፤ ፓዌ ደርሶ ለመመለስ ለአንድ ደብዳቤ አንድ ወር በቅቶታል። ሳነብላቸው ጋሽ ፈንታ አላለቀሱም። «ማን ቀበራት?» አሉኝ። ደብዳቤው እሱን አይልም። እስከ ማታ ድረስ ደጅ ተቀምጠው ደጋግመው ያንኑ ጠየቁኝ።

ጓድ፣ ተቆጥቻለሁ፤ ይህን በጨዋ ቃል መሸፈን አቃተኝ። መጥተው ያንን ወረቀት በጋሽ ፈንታ ፊት እንዲቀድዱት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሽማግሌ እስኪናገር ለመጠበቅ ጊዜ የሌለው ሥራዎ ሁሌም እንዲቃናልዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የሻው
አምባ ዘጠኝ፣ ጥር 1980 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ማሽኑ እኔንም ፈትኖኝ ከመቶ ዘጠና ሁለት አግኝቻለሁ። ይህን ሁሉ እንደማልረሳ በራስዎ ፊርማና ማኅተም ተረጋግጧል።