የሰው ጣሪያ ሲጠብቁ የኖሩት የአቶ ኤልሬይ ጊሎሪ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤልሬይ ጊሎሪን ዲያቆን ሆሊስ ፕሬጃን የሰደቧቸው በ2005፣ በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ፣ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ዓሣ ሲጠበስ ነው። «ኤልሬይ እኮ በጣሪያ ዋጋ ሰማይ የገዛ ሰው ነው» አሉ ዲያቆኑ፤ ሳህን ይዞ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባለሰማዩ» የሚል ስም ወጣላቸው። የሕይወት ታሪክ በልደት እንደሚጀመር ይታወቃል። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ሟቹን የምትጠሯቸው በዚህ ስም ስለሆነ፣ ማን እንዳወጣው ቀድሞ ይነገር ተብሏል።

አቶ ኤልሬይ ከአባታቸው ከአቶ ክሊፍተን ጊሎሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦዚት በመጋቢት 1946 በሉዊዚያና፣ ላክሮይ ከተማ ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ አባታቸው ስለታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው ሩዝ ወፍጮ ቤት ተቀጠሩ። «አልተማረም» እያሉ ሲያሟቸው የነበሩ ሰዎች ምክንያቱን አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። በ1970 ከወይዘሮ ቬርሊን ጋር ጋብቻ ፈጽመው ናዲንንና ሮሼልን አፍርተዋል። ኋላም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሆነው ጡረታ እስኪወጡ የዚህን ከተማ ልጅ አመላልሰዋል። በጡረታቸው ቀን የተሰጣቸው ኬክ ነው፤ እሱንም ሳይቆርሱት ሌላ ሰው ጀመረው።

በዚያው በ2005 ከባሕር የተነሣ የአውሎ ነፋስ ማዕበል የቤታቸውን ክዳን ገፎ ወሰደው። አንድ ኮንትራክተር በር አንኳኩቶ፣ ገንዘቡን በሙሉ ተቀብሎ፣ «ሰኞ እንጀምራለን» ብሎ በዚያው ቀረ። ቤተሰቡ ለወራት በሰማያዊ ሸራ ሥር ኖረ። ዲያቆኑ የቀለዱት በዚህ ነው።

አቶ ኤልሬይ ግን ከዚያ ወዲህ ማዕበል ባለፈ ቁጥር፣ የሌላ አገር ታርጋ የለጠፈ መኪና ሰፈር ሲገባ፣ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው መኪናው ወደ ቆመበት ቤት ግቢ ሄደው ይቀመጡ ነበር። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። የቤቱን እመቤት «በር ላይ አትፈርሚ፤ ፈቃድ እንዳለው ደውለሽ ጠይቂ፤ ሥራው ሳያልቅ ሁሉንም አትስጪ» ይላሉ። «ዛሬ ካልፈረምሽ ዝናብ ይገባብሻል የሚል ሰው ከዝናቡ ይብሳል» ይሉም ነበር። ያመሰገናቸው አለ፤ «ሥራ ፈት» ያላቸው ግን ይበልጣል።

በ2020 ከሁሉ የባሰው ማዕበል መጣ። በሳምንቱ ስታንተን የሚባል ኮንትራክተር ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ከፊት ተቀመጠ፤ ሲዘመርም አለቀሰ። ዲያቆን ሆሊስ እጁን ይዘው «ወንድማችንን ስታንተንን ጣሪያችንን እንዲሠራልን እግዜር ልኮታል» ብለው አስተዋወቁት። እዚህ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ያለቀሰን ሰው ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እማማ ዶሪስቲን፣ ሰማንያ ያለፋቸው ባልቴት፣ ግማሹን ከፍለው ቀድመው ተመዘገቡ።

የስታንተን ሠራተኞች ቅዳሜ ጠዋት መጥተው የቤታቸውን አሮጌ ክዳን እስከ ጣውላው ገፈፉት። እኩለ ቀን ላይ በስተደቡብ ደመናው ጠቆረ። ይሄኔ ስታንተን «ኢንሹራንሱ ለጣሪያው የላከልዎትን ቼክ አሁኑኑ ፈርመው ይስጡኝ፤ አለዚያ አዲሱን ክዳን ጭኜ እሄዳለሁ» አላቸው። እማማ ዶሪስቲን ስልክ ያነሱት ወደ ዲያቆኑ አልነበረም።

አቶ ኤልሬይ መጥተው አሮጌዋን ፒክአፓቸውን አዲሱን ክዳን ከጫነው የስታንተን ተሳቢ ኋላ፣ ግቢው መውጫ ላይ አቆሙና ወንበራቸውን ዘረጉ።

«አባባ፣ መኪናህን አንሳልኝ» አላቸው ስታንተን።

«ባትሪው ሞቷል።»

«አሁን ስትነዳው አይቼሃለሁ እኮ!»

«አሁን ነው የሞተው።»

ስታንተን ተናዶ ራሱ ፖሊስ ጠራ። የመጣው ፖሊስ ቶሪ፣ ልጅ ሳለ በአቶ ኤልሬይ አውቶቡስ ይመላለስ የነበረው ነው።

«ጋሽ ኤልሬይ፣ እውነት ሞቷል?»

«ያጣጥራል ልጄ። ጣሪያው ሲያልቅ ነፍስ ሳይዘራ አይቀርም።»

ቶሪ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ስታንተን ዞረ። «ፈቃድህን እስቲ።»

«ሂዩስተን ነው ያለው።»

«ፈቃድህ ሂዩስተን ካለ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ቶሪም ባልቴቷ የከፈሉበት ዕቃ ከግቢ እንደማይወጣ ነግሮ፣ ስታንተንን ይዞት ሄደ። የሠራተኞቹ አለቃ ዊልመር ከጣሪያው ላይ ቁልቁል አየና «ለእኛም አልከፈለንም። እማማ የድካማችንን ዋጋ ለእኛው ከሰጡን እንጨርሰዋለን» አለ። እማማ ዶሪስቲን «እናንተ ምቱ፤ እኔ ሩዙን እጥዳለሁ» አሉ። አቶ ኤልሬይም ደመናውን እያዩ ሚስማር አቀበሉ።

ዝናቡ የወረደው የመጨረሻው ክዳን ተመትቶ መሰላሉ ሲታጠፍ ነው። እማማ ዶሪስቲን እንደ ልማዳቸው ድስትና ባልዲ ወለሉ ላይ ደርድረው ጠበቁ። አንድ ጠብታ አልገባም። «ይዘንባል፤ እኔ ግን አልሰማውም» ብለው እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከማዕበሉ ወዲህ ደህና አድርገው ሲተኙ የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግስቱ እሑድ ዲያቆን ሆሊስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። የእሳቸው ጣሪያ ሰኞ ሊገፈፍ ተራው ደርሶ የተረፈ ነው። ሰው እየሰማ «ኤልሬይ፣ ያው አንዴ የተነከሰ ሰው ውሻን ያውቃል» አሉ። ምስጋናቸው ይቺ ነበረች። ሰው ሁሉ መልሱን ጠበቀ። አቶ ኤልሬይ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው ሄዱ።

አቶ ኤልሬይ በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2024 በተወለዱ በ77 ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቬርሊን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የጻፉት ታናሽ ወንድማቸው ኦቲስ ጊሎሪ አሉ። ስቃዩ አብቅቶላቸዋልና ከሐዘኑ እፎይታው ይበልጣል። አምላክ ማንም በማያፈናቅልበት ቤት ነፍሳቸውን ያሳርፍ።

ከቀብር መልስ ምሳ የተዘጋጀው በእማማ ዶሪስቲን ቤት ነው። ቢዘንብም ግቡ፤ ቤቱ አያፈስም።