ቆሞ የሚያምር ምስል

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ያጉረመርማል ወይ? ልጆቹስ? እማዬስ ከወደቀች ወዲህ ያለ ምርኩዝ መራመድ ቻለች? እኔን ካልሽ፣ ከድካም በቀር ደህና ነኝ፤ ድካሙ ግን ሙሉ ጤንነት ላይ ነው።

እማዬን ለማየት ፈቃድ መጠየቄን ጽፌልሽ ነበር። የምሠራበት የኮምፒውተር ጨዋታ ቤት ባለቤት፣ በሌሉበት «ክቡርነታቸው» የምንላቸው፣ «ቤቱ እንደ ድሮው ሲሞላ ትሄዳለህ» አሉኝ። ቤቱን ባዶ ያደረጉት ግን እሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተር ምስል ከጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተሰፋ ስለሆነ ሰያፍ መስመር ሁሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል። ያንን ጥርስ የሚሞርደው ቅንብር አንቲ-አሊያሲንግ ይባላል። በልኩ ሲሆን መልካም ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲሰቀል ግን ማሽኑ አንዱን ጠርዝ ስምንት ጊዜ እያሰላ ያልበዋል፤ በሴኮንድ ስልሳ ምስል ያሳይ የነበረው ሃያ ላይ ይንገዳገዳል። ክቡርነታቸው በአሥራ አራቱም ማሽኖች ላይ መጨረሻው ላይ እንዲሰቀል አዘዙ። ተጫውተው አያውቁም፤ ጥራት የሚመረምሩት የመኪና እሽቅድምድሙን ጨዋታ አስቁመው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ አስጠግተው ነው። በቅሎን ታስራ አይቶ እንደሚገዛ ሰው። ደንበኞቹም «መኪናው ጭቃ ውስጥ ነው እንዴ የሚሄደው?» እያሉ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ።

ሁለት ሳምንት ለፈለፍኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በመጨረሻ ታከተኝና የአራተኛውን ማሽን ቅንብር በድብቅ ዝቅ አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን አሥራ ሦስቱ ሥራ ፈትተው አራተኛው ጋ ሰልፍ ሆነ። ክቡርነታቸው ሰልፉን አይተው «ይሄ ማሽን ሥራ ያውቃል፤ ሌሎቹ ሰነፎች ናቸው» አሉ። ያደረግሁትን ነገርኳቸውና «እስቲ ተቀምጠው ይሞክሩት» አልኩ። አምስተኛው ላይ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ከግድግዳ ጋር አላተሟት። አራተኛው ላይ አንድ ዙር ጨረሱ። አፍንጫቸውን እንደገና ስክሪኑ ላይ አስጠግተው «ጠርዟ ትንሽ ጥርስ አላት» አሉ። «አላት፤ ግን ትሄዳለች» አልኳቸው። ሁሉንም አስተካክል ተባልኩ።

ቤቱ ሞላ፣ እታለም። ፈቃዴን ስጠይቅ ታዲያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አንተ ከሄድክ ይሄን ማን ያውቃል?» ይህን ያህል መጽሐፍ አንብቤ፣ በገዛ እጁ ራሱን አስፈላጊ አድርጎ የታሰረ ሞኝ ከራሴ በቀር አላገኘሁም።

ስለዚህ የጽዳት ሠራተኛችንን ማስተማር ጀምሬያለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ምንጣፍ እንደ መፈተግ ነዋ፤ ከልኩ ካለፈ ምንጣፉ ያልቃል» አለችኝ። እስካሁን ስድስቱን ብቻዋን ታስተካክላለች። አሥራ አራቱንም የቻለች ቀን ይዣት ክቡርነታቸው ፊት እቀርባለሁ።

ለባልሽ ለጋሼ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሬዲዮኑን ቀነስ ያድርግ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገች? ትንሹን፣ ሁልጊዜ የሚጠፋበትን ካልሲውን ካገኘ፣ ሳሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መምጣቴን ግን ገና አትንገሪያት፤ በር በሩን እያየች እንዳትደክም። ከጠየቀችሽ «ሥራ በዝቶበት ነው» በያት። ለአንዴ እንኳ እውነት ነው።

ታናሽ ወንድምሽ፤
ከጨዋታ ቤቱ ባንኮኒ፣ ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን